የመልክዓ ምድር መሠረታዊ መረጃና የልማት ዕቅድ

ማንኛውም ሰው ቤት ለመሥራት ሲነሣ አስቀድሞ ቦታውን ዞሮ ያያል። መሬቱ ድንጋያማ ነው ወይስ ረግረግ? ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ በየት በኩል ይወርዳል? ውሃ ከየት ይቀዳል? የጎረቤት ወሰን እስከ የት ድረስ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ ድንጋይ የሚያስፈልጥ፣ እንጨት የሚያስቆርጥ ሰው ቢኖር ብልህ አይባልም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ሳይታሰብበት የቆመ ቤት የመጀመሪያውን ክረምት ሳያልፍ ሊፈርስ ይችላል። አንድ መንግሥት ለመላ አገሩ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤትና የመስኖ ግድብ ለመሥራት ሲያቅድም ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። ልዩነቱ፣ ቤት ሠሪው ቦታውን በእግሩ ዞሮ በዓይኑ ሊያየው ሲችል፣ የአገር ዕቅድ አውጪ ግን አገሩን በሙሉ ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ ማየት ያለበት መሆኑ ነው። ይህን እንዲያይ የሚያስችለው የመልክዓ ምድር መሠረታዊ መረጃ ነው።

የመልክዓ ምድር መሠረታዊ መረጃ የሚባለው ስለ አንድ አገር የተሰበሰበ ማንኛውም ወሬ አይደለም። ሌላው መረጃ ሁሉ የሚያርፍበት፣ ለግብርናውም፣ ለጤናውም፣ ለትምህርቱም፣ ለመንገዱም በእኩል የሚያገለግል መረጃ ነው። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው የቅየሳ መነሻ ነጥቦች ናቸው። እነዚህም ቀያሾች በተራራ ጫፍና በሌሎች አመቺ ቦታዎች ላይ ተክለው ኬክሮሳቸውን፣ ኬንትሮሳቸውንና ከፍታቸውን በጥንቃቄ የለኳቸው ምልክቶች ናቸው። ሁለተኛው የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ፣ ሦስተኛው ወንዞች፣ ሐይቆችና ምንጮች፣ አራተኛው የአስተዳደር ወሰኖች፣ አምስተኛው የቦታ ስሞች፣ ስድስተኛው መንገዶች፣ የውሃ ቧንቧዎችና የኤሌክትሪክ መስመሮች፣ ሰባተኛው የይዞታ ወሰኖች፣ ስምንተኛው የአፈሩና የዕፅዋቱ ሁኔታ ነው። ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሡ ፎቶግራፎችም አብዛኛዎቹን ለመሥራትና ለማደስ ስለሚያገለግሉ ከመሠረታዊው መረጃ ይቆጠራሉ።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት ወደ ጎረቤት አገር ወደ ኬንያ፣ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ናይሮቢ መሻገር ይጠቅማል። ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ከንጎንግ መንገድ በስተ ሰሜን ኪሊማኒ የተባለ ሰፈር አለ። ስሙ ራሱ መረጃ ነው። በስዋሂሊ ቋንቋ «ኪሊማ» ኮረብታ ማለት ሲሆን፣ «ኪሊማኒ» ማለት ደግሞ «ከኮረብታው ላይ» ማለት ነው። በእርግጥም የናይሮቢ መሬት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሄዱበት እየቀስ በቀስ ከፍ ይላል፤ ጅረቶቹም ከምዕራቡ ከፍታ ተነሥተው ወደ ምሥራቁ ሜዳ ይወርዳሉ። የከተማዋ ስም ደግሞ ከማሳይ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ቀዝቃዛ ውሃን ያመለክታል። እነዚህን ሁለት ስሞች ብቻ የሰማ አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታ ኮረብታና ወራጅ ውሃ መኖሩን ይገምታል። ካርታ ግን ከግምት አልፎ፣ ኮረብታው ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል፣ ውሃውም በየትኛው ሸለቆ እንደሚያልፍ ይነግረዋል።

ናይሮቢ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በሥፍራው ሲደርስና ሠራተኞቹ በዚያ ሲሰፍሩ ነው። በቅኝ አገዛዝ ዘመን ከተማዋ በዘር ተከፋፍላ፣ ከፍ ያለው የምዕራብ ወገን ለአውሮፓውያን፣ የምሥራቁ ሜዳ ለአፍሪካውያን ሠራተኞች መኖሪያ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ኪሊማኒ በምዕራቡ ወገን የሚገኝ በመሆኑ፣ መሬቱ በቀያሽ ተለክቶ በሰፋፊ ቁራሽ ተከፋፈለ። እያንዳንዱ ቁራሽ ቁጥርና ባለ ይዞታ ያለው ሆኖ በመዝገብ ሰፈረ። በየቁራሹም ላይ ሰፊ የአትክልት ቦታ ያለው አንድ ቤት ይቆም ነበር። ቧንቧውም፣ የፍሳሽ መውረጃውም፣ መንገዱም የተዘረጋው ቁጥሩ ለታወቀው ለዚያ ጥቂት ነዋሪ ነበር።

ዘመን ሲለወጥ ግን የሰፈሩም መልክ ተለወጠ። በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የቀድሞዎቹ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች እየፈረሱ በምትካቸው ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች ተሠሩ። አንድ ቤተ ሰብ ይኖርበት በነበረው ቁራሽ ላይ በአሥሮች የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦች መኖር ጀመሩ። የመንገዶቹም ስም ሳይቀር ተለዋወጠ፤ ሰፈሩን የሚያቋርጠው ዋና ጎዳና ዛሬ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1969 በሞቱት በኬንያዊው ጠበቃና ሚኒስትር በአርግዊንግስ ኮድሔክ ስም ነው። የድሮውን ካርታ ብቻ ይዞ ወደ ኪሊማኒ የሚሄድ መሐንዲስ የቁራሾቹን ወሰን በትክክል ሊያገኝ ይችል ይሆናል። ነገር ግን በየቁራሹ ላይ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ስንት ሰው ከአንድ ቧንቧ እንደሚጠጣና ፍሳሹም ምን ያህል እንደ ሆነ ከካርታው አያገኝም። ካርታው አልጠፋም፤ እውነቱ ግን ከካርታው ርቆ ሄዷል።

የናይሮቢ ከተማ ዕቅድም ተመሳሳይ ችግር ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የከተማዋ የዕድገት ዕቅድ የታሰበው እስከ 2000 ድረስ ላለው ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ መላውን ከተማ የሚያጠቃልል አዲስ መሪ ዕቅድ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ከተማዋ መገንባቷን አላቆመችም። በ2019 በተደረገው ቆጠራ የናይሮቢ ሕዝብ 4,397,073 ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት፣ መሠረታዊ መረጃ አንድ ጊዜ ተሠርቶ በሣጥን የሚቆለፍ ዕቃ ሳይሆን፣ እንደ እርሻ መሬት በየጊዜው ሊታረስና ሊታረም የሚገባው መሆኑ ነው።

ያረጀ መረጃ ችግር የሚያመጣ ከሆነ፣ ከነጭራሹ መረጃ ያልተሰበሰበለት ሰፈር ምን ይሆናል? የዚህን መልስ ለማግኘት ከኪሊማኒ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከንጎንግ መንገድ ወደ ደቡብ ተሻግሮ ጥቂት የተጓዘ ሰው ኪቤራ ይደርሳል። ኪቤራ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለእንግሊዝ ጦር ያገለገሉ የኑቢያ ወታደሮች የሰፈሩበት ቦታ ነው። ስሙም በእነርሱ ቋንቋ ጫካ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ከየአገሩ ሥራ ፍለጋ የመጣ ሕዝብ ስለ ተጨመረበት፣ በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ የተሠሩ ቤቶች የተፋፈጉበት ሰፈር ሆነ። የባቡር ሐዲድም በመካከሉ ያልፋል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር ግን እስከ 2009 ድረስ ማንም ሰው በነጻ ሊያገኘው በሚችለው ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታይ ነበር። በኪሊማኒ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ቁጥር ሲኖረው፣ በአቅራቢያው በኪቤራ መንደሮቹ እንኳ በካርታ ላይ ስም አልነበራቸውም።

በካርታ ላይ ባዶ ሆኖ መታየት ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዕቅድ አውጪው የሚያየው ካርታውን ስለ ሆነ፣ ባዶው ቦታ በእርሱ ዘንድ ሰው የማይኖርበት ቦታ ነው። ሰው በሌለበት የውሃ ቦኖ አይተከልም፤ ሐኪም ቤት አይሠራም፤ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና በየትኛው መግቢያ እንደሚገባ አይታወቅም። ነዋሪው ራሱ አቤቱታ ለማቅረብ ቢፈልግ፣ «እዚህ ቦታ ላይ ይህ ይጎድለናል» ብሎ በጣቱ የሚያመለክትበት ወረቀት የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ገደማ በኪቤራ ነዋሪ የሆኑ 13 ወጣቶች ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ተነሡ። ሥራው «ማፕ ኪቤራ» የሚል ስም ተሰጠው። ወጣቶቹ ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ ያሉበትን ቦታ የሚያመለክተውን ጂፒኤስ የተባለ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይዘው መንደር ለመንደር በእግራቸው ተጓዙ። የውሃ መቅጃዎችን፣ የጋራ መጸዳጃ ቤቶችን፣ ክሊኒኮችን፣ ትምህርት ቤቶችን፣ ቤተ ክርስቲያኖችንና መስጊዶችን ያሉበትን ቦታ ከነስማቸው መዘገቡ። ያገኙትንም ሁሉ ማንም ሰው በነጻ ሊያየውና ሊያርመው በሚችለው «ኦፕን ስትሪት ማፕ» በተባለው የዓለም ካርታ ላይ አሰፈሩ። ከዚያ ወዲህ የኪቤራ መልክ ለነዋሪውም፣ ለባለሥልጣኑም፣ ለረድኤት ሠራተኛውም በእኩል የሚታይ ሆነ። ካርታው በራሱ ውሃ አላፈለቀም፤ ሐኪም ቤትም አልሠራም። ሆኖም ውሃና ሐኪም ቤት የት እንዳለ፣ የት እንደሌለም ማንም ሊክደው በማይችል መንገድ አሳየ።

በዚያው ዓመት በኬንያ የሕዝብ ቆጠራ ተደርጎ ነበር። ከቆጠራው በፊት የኪቤራ ሕዝብ እስከ አንድ ሚሊዮን እንደሚደርስ ይነገር ነበር። የቆጠራው ውጤት ግን 170,070 ሆነ። ልዩነቱ ብዙ ክርክር አስነሣ። የክርክሩን መነሻ ለመረዳት የሚጠይቁት ጥያቄ ግን የሰው ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ የወሰንም ነው፤ ኪቤራ የሚጀምረው ከየት ነው? የሚያበቃውስ የት ላይ ነው? ወሰኑ በካርታ ላይ በትክክል ያልተሰመረ ሰፈር በአንዱ ሰው ዘንድ ሰፊ፣ በሌላው ዘንድ ጠባብ ይሆናል፤ የሕዝቡም ቁጥር እንደዚሁ ይለያያል። አንድ ሚሊዮን ሰው አለ ብሎ ያቀደ መንግሥትና 170,000 ሰው አለ ብሎ ያቀደ መንግሥት ደግሞ የሚሠሩት ትምህርት ቤት ብዛት አንድ ሊሆን አይችልም።

በኪሊማኒና በኪቤራ መካከል የታየው ልዩነት በመላው አፍሪካ የሚታየው ልዩነት አነስተኛ ምሳሌ ነው። በቅኝ አገዛዝ ዘመን የተሠሩት ካርታዎች በአብዛኛው የባቡር ሐዲድን፣ የማዕድን ቦታን፣ የውጭ አገር ሰዎች ያረሱትን እርሻና የጦር መተላለፊያን የተከተሉ ነበሩ። ነጻነት የተቀዳጁት አገሮች ይህን ጉድለት የተረዱት ወዲያውኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቁሞ ጽሕፈት ቤቱን በአዲስ አበባ ካደረገ በኋላ፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ የካርታ ሥራ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 በናይሮቢ ተደረገ። ኬንያም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ነጻነቷን አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ በኮሚሽኑ አስተባባሪነት በቅየሳ፣ በካርታ ሥራና ከሩቅ ሆኖ ምድርን በመመርመር ዘዴ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ማዕከል በናይሮቢ ተመሠረተ። ማዕከሉ ዛሬ በካሳራኒ ሰፈር የሚገኝ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከአባል አገሮቹ አንዷ ናት።

አገሮች በዚህ ጉዳይ መተባበር ያስፈለጋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የቅየሳ መነሻ ነጥቦች ከአገር አገር ይለያያሉ። ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ካርታዎቿን ያሠራችው በአዲንዳን ነጥብ መነሻነት ሲሆን፣ ኬንያ ደግሞ «አርክ 1960» በተባለው ሌላ መነሻ ትጠቀም ነበር። የሁለቱ አገሮች ወሰን እ.ኤ.አ. በ1907 በተደረገ ስምምነት ተወስኖ በ1970 በተፈረመ ውል ጸንቷል። ይሁን እንጂ በሞያሌ የሚገኝ አንድ የወሰን ድንጋይ በሁለቱ መነሻዎች ቢለካ፣ ድንጋዩ ከቦታው ሳይነቃነቅ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ በመቶ በሚቆጠሩ ሜትሮች የተለያየ ሆኖ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌም ናይሮቢ የሚዘልቅ መንገድ የሚሠሩ ሁለት መሐንዲሶች መነሻቸውን ሳያስማሙ ሥራ ቢጀምሩ፣ በወረቀት ላይ መንገዶቻቸው ሳይገናኙ ጎን ለጎን ሊተላለፉ ነው። የአፍሪካ አገሮች ለመላው አህጉር የሚያገለግል አንድ የጋራ መነሻ እንዲኖራቸው ጥረት ማድረጋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የካርታ መስፈርትም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ብዙው ቦታ የሚታወቀው በ1፡50,000 መስፈርት በተሠሩ ካርታዎች ነው። በዚህ መስፈርት በካርታው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነው በመሬት ላይ 500 ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለው ካርታ መንገድ የሚያልፍበትን አቅጣጫ ለመምረጥና የተፋሰስን ስፋት ለማወቅ ይጠቅማል። ነገር ግን ስፋቱ 2.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ኪቤራ በዚህ ካርታ ላይ የሚይዘው ቦታ ከአንድ የክብሪት ሣጥን ያነሰ ነው። በክብሪት ሣጥን ላይ የውሃ ቦኖዎችን፣ መተላለፊያዎችንና ቤቶችን ለያይቶ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ የመረጃው ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ ዝርዝርነቱም ከሚታሰበው ሥራ ጋር መመዛዘን አለበት።

በጥንቃቄ የተሰበሰበ መረጃ ዕድሜው ረጅም መሆኑን ለመረዳት የዓባይን ታሪክ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያና የዩናይትድ ስቴትስ ባለሙያዎች የዓባይን ተፋሰስ ከፍታ፣ የውሃውን መጠን፣ አፈሩንና የድንጋዩን ዓይነት አጥንተው፣ ውጤቱ በ1964 ቀረበ። ጥናቱ ለግድብ ይስማማሉ ብሎ ካመለከታቸው ቦታዎች አንዱ በሱዳን ድንበር አጠገብ የሚገኘው ነበር። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሥራ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው በዚያው አካባቢ ነው፤ ግድቡም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሸለቆውን በመጀመሪያ የለኩት ሰዎች መረጃቸው ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ለሌላ ትውልድ ሥራ መነሻ ሆነ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ በ1976 ዓ.ም. ሲካሄድም፣ ከቆጣሪው በፊት የሄደው ካርታ ሠሪው ነው። አገሩ በቆጠራ ቦታዎች ካልተከፋፈለ አንዱ ቤት ሁለት ጊዜ ሊቆጠር፣ ሌላው ጨርሶ ሊዘለል ይችላልና። የአገሪቱ ሕዝብ ያን ጊዜ ከ42 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ታወቀ፤ ቆጣሪዎች ሊደርሱባቸው ባልቻሉት ቦታዎች ግን ቁጥሩ በግምት የተሞላ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ቁጥሩ ከ73 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የገጠር መሬት ይዞታም ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ መመዝገብ ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ዙር የየገበሬው ማሳ ጎረቤቶች በምስክርነት ቆመው በገመድ ይለካ ነበር። በኋላ ደግሞ የማሳዎቹ ወሰን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እየተመለከተ በካርታ ተመዘገበ። በዚህም ምክንያት ብዙ ሴቶች ስማቸው ከባሎቻቸው ስም ጋር በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ሊሰፍር ቻለ።

በዛሬው ዘመን ሳተላይቶች የካርታ ሥራን በእጅጉ አቃልለዋል። ላንድሳት ከተባሉት ምድርን ከሚመለከቱ ሳተላይቶች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ሕዋ ተላከ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ደግሞ አንዲት የሕዋ መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞ አብዛኛውን የዓለም የብስ ከፍታ በራዳር ለክታ ተመለሰች። ቀያሾች ዕድሜ ልካቸውን ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩበት ሥራ በጥቂት ቀን ተሠራ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከሰማይ የሚታየው ጣሪያው ብቻ ነው። በጣሪያው ሥር ስንት ሰው እንደሚያድር፣ መንደሩ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ቦኖውስ ውሃ የሚሰጥ ወይም የደረቀ መሆኑን ሳተላይቱ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው የቦታው ሰው ነው። ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ2024 በጣለው ከባድ የበልግ ዝናብ ወንዞቿ ሞልተው የሰው ሕይወት ባጠፉ ጊዜም፣ ጎርፉ ከወንዙ ዳር ምን ያህል ርቆ እንደሚወጣ ማወቅና ያን ወሰን በካርታ አስፍሮ ማስከበር የሕይወት ጉዳይ መሆኑ ታይቷል።

እንግዲህ የመልክዓ ምድር መሠረታዊ መረጃ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም። በካርታ ላይ መስመር ማስመር ቀለምና ወረቀት የሚፈልግ ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ ማን እንደሚታይና ማን እንደሚረሳ የሚወስን ሥራም ነው። ኪሊማኒ በካርታ ላይ ስለ ነበረ ቧንቧ ደረሰው፤ ካርታው ሳይታደስለት ሲቀር ግን ያው ቧንቧ ጠበበው። ኪቤራ በካርታ ላይ ስላልነበረ ተዘለለ፤ ልጆቹ በእግራቸው ዞረው ሲመዘግቡት ግን ታየ። የወንዝን፣ የምንጭን፣ የኮረብታን ስም ከአባቶቹና ከእናቶቹ ጠይቆ የሚያውቅ፣ የመንደሩንም ወሰን በትክክል ለይቶ የሚያመለክት ተማሪ የዚህን ሥራ ፊደል ቆጥሯል ማለት ነው። ዕቅድ የሚጀምረው ከማየት ነው፤ ያልታየ ቦታ አይታቀድለትም፤ ያልታቀደለትም ሕዝብ ተራው ሳይደርሰው ይቀራል።